ሁለት መጽሐፍ ብቻ ማስመጣት እችላለሁ፦ ለአዲስ ኪዳን ግሪክኛ የቱን ልምረጥ?

የሆጤዋ · ነሐሴ 3

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አዲስ ኪዳን የተጻፈበትን ግሪክኛ ብቻዬን እማራለሁ፤ ሰባት ወር ሆነኝ። ፊደሉን ጨርሻለሁ። ወደ 150 ቃል በቃሌ ይዣለሁ። የዮሐንስ ወንጌልን የመጀመሪያ ቁጥሮች እየተንተባተብኩም ቢሆን አነባለሁ።

አጎቴ ለግሸን ንግሥ ከውጭ ይመጣል። «ሁለት መጽሐፍ አመጣልሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ሻንጣዬ አይችልም» አለኝ። እንዲህ ያለ ዕድል ቶሎ አይገኝም። በማይሆን መጽሐፍ እንዳላባክነው ፈርቻለሁ።

እስካሁን የምጠቀመው ስልኬ ላይ ባለው የስትሮንግ ቁጥር ነው። ቃሉን ስነካው ቁጥር ይወጣል፤ ከቁጥሩ ሥር ትርጉም ይደረደራል። መጀመሪያ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ግራ ገባኝ። አንዱ ቃል ስምንት ትርጉም ይሰጠኛል። የቱን ልውሰድ?

በቅርቡ አንድ ስብከት ላይ ዮሐንስ 21 ተነሣ። ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» የሚለው ቦታ። ሰባኪው «በግሪኩ ሁለት ዓይነት ፍቅር ነው፤ አጋፔ የእግዚአብሔር ፍቅር ነው፣ ፊሌኦ የጓደኛ ፍቅር ነው» አለ። ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት እውነትም ሁለት ቁጥር ነው። ግን ልዩነቱ ያን ያህል ነው? ስልኬ ይህን አይነግረኝም። ይህን የሚያሳየኝ መጽሐፍ ነው የምፈልገው።

ሐይቅ_ዳር · ነሐሴ 3

ቢዳግ! ሌላ አትጠይቂ። ባወር፣ ዳንከር፣ አርንትና ጊንግሪች፤ የአራቱ ሊቃውንት ስም ተገጣጥሞ ነው ቢዳግ የተባለው። በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የአዲስ ኪዳን መዝገበ ቃላት ሁሉ እሱን የሚስተካከል አላየሁም። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ግን ዕድሜ ልክሽን ያገለግልሻል።

የኮምቦልቻው_አስተማሪ · ነሐሴ 4

እህቴ፣ በርቺ። ብቻሽን ሰባት ወር መዝለቅ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ቋንቋ ለዓመታት ሳስተምር ብዙ ተማሪ ሦስተኛው ወር ላይ ሲያቆም አይቻለሁ።

ሐይቅ ዳር ስለ ቢዳግ ያለው ልክ ነው። አሁን ግን አታስመጪው። ምክንያቴን ልንገርሽ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ስልክሽ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ። ጄምስ ስትሮንግ ሥራውን ያወጣው በ1890 ነው። ዋና ዓላማው መዝገበ ቃላት መጻፍ አልነበረም። በእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል የት የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ማውጫ ነው ያዘጋጀው። ቁጥሩን የሰጠው ከእንግሊዝኛው ቃል ጀርባ የትኛው የግሪክ ወይም የዕብራይስጥ ቃል እንዳለ አንባቢው እንዲያገኝ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ሥር የምታዪው ዝርዝር አብዛኛው የኪንግ ጄምስ ተርጓሚዎች ቃሉን በየቦታው እንዴት እንደመለሱት ያሳያል። ስምንቱ ትርጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብሮ አይሠራም። አንዱ ነው የሚሠራው። የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽም ዓረፍተ ነገሩ ነው። አንቺ የመድኃኒት ቤት ሰው ነሽና ይገባሻል፦ ቁጥሩ የመደርደሪያው ቁጥር ነው እንጂ የመድኃኒቱ አወሳሰድ አይደለም።

ብዙ ነፃ አፖች ላይ ከስትሮንግ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የቴየር መዝገበ ቃላት ነው። በ1880ዎቹ የወጣ ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ችግሩ ዘመኑ ነው። ግሬንፌልና ሀንት የተባሉት እንግሊዛውያን ግብፅ ውስጥ ኦክሲሪንኩስ በሚባል ቦታ ቁፋሮ የጀመሩት ከእሱ በኋላ፣ በ1896 መጨረሻ ላይ ነው። ከአሸዋው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር የፓፒረስ ቁራጭ ወጣ። የኪራይ ውል፣ የግብር ደረሰኝ፣ ልጅ ለወላጁ የጻፈው ደብዳቤ። አዶልፍ ዳይስማን የሚባለው ጀርመናዊ እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች ከአዲስ ኪዳን ጋር አስተያየ። የሐዋርያት ግሪክኛ ሰው በገበያና በቤቱ የሚነጋገርበት ቋንቋ መሆኑ ያኔ ጎልቶ ታየ። «ኮይኔ» የሚባለው እሱ ነው፤ የጋራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፍቺ ታረመ። ቴየር ይህን ሁሉ አላገኘም። ቢዳግ አግኝቷል።

ታዲያ ለምን አታስመጪው አልኩሽ? በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ከሺህ ገጽ በላይ ነው። ለአንዲት ትንሽ መስተዋድድ አምድ ሙሉ ይጽፋል። 150 ቃል የያዘ ሰው ሲከፍተው ይሰጥማል።

እኔ ብሆን እነዚህን ሁለቱን አስመጣ ነበር። አንዱ ራሱ ግሪክኛው አዲስ ኪዳን ነው፣ «የአንባቢ እትም» የሚባለው። የተባበሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራት አምስተኛ እትም በዚህ መልክ ተዘጋጅቷል። በአዲስ ኪዳን ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በታች ብቻ የሚገኙትን ቃላት እዚያው ገጹ ግርጌ ላይ ይፈታልሻል። ሌላው የጀማሪ ሰዋስው ነው። የቢል ማውንስን ብዙ ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል። መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው በነፃ ታገኚዋለሽ። ካምብሪጅ ያለው ቲንዴል ሀውስ ያወጣውን ስቴፕ ባይብል ስልክሽ ላይ ጫኚ። በ1922 የወጣው የአቦት ስሚዝ መዝገበ ቃላትም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ከቴየር ያጠረ ነው፣ ዘመኑም ይሻላል።

የሆጤዋ · ነሐሴ 4

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመደርደሪያዋ ነገር ቁልጭ አድርጋ አሳየችኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ግሪክኛው አዲስ ኪዳን ስልኬ ላይ አለ። ያለኝን ነገር ለምን ደግሜ ከሻንጣው ቦታ ልስጠው?

የኮምቦልቻው_አስተማሪ · ነሐሴ 4

ስልኩ ላይ ቃሉ ገና ሳይከብድሽ ስለምትነኪው ነው። ትርጉሙ ወዲያው ይመጣል፤ ወዲያው ይረሳል። ወረቀቱ ላይ ግን ቆም ብለሽ ታስቢያለሽ። የምታውቂውን ቃል አይፈታልሽም፤ የማታውቂውን ብርቅ ቃል ብቻ ነው የሚፈታልሽ። ንባብ የሚለመደው እንዲህ ነው።

ሂሳቡን ተመልከቺ። አዲስ ኪዳን በጠቅላላው ወደ 138,000 ቃል አለው። የተለያዩት ቃላት ግን 5,400 ገደማ ናቸው። ከነሱ ውስጥ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመጡት 310 ያህል ብቻ ናቸው። እነዚያ 310 ቃላት ከጠቅላላው ንባብ ወደ 80 በመቶ ይሸፍናሉ። አንቺ ግማሹን ይዘሻል! ሌላ 160 ጨምሪበት። ከዚያ በኋላ ገጹን ስትከፍቺ አብዛኛው ፊት የሚታወቅ ሰው ይሆንልሻል። ከቀሩት እንግዶች አብዛኞቹን ግርጌው ያስተዋውቅሻል።

ላሊበላ_አስጎብኚ · ነሐሴ 5

ይቅርታ፣ መሐል ገባሁ። ዱኦሊንጎ ላይ ግሪክኛ ጀምሬ ነበር። ለዚህ ይጠቅመኛል?

የኮምቦልቻው_አስተማሪ · ነሐሴ 5

ያ የዛሬው ግሪክኛ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ብዙ ቃልም ይመሳሰላል። ሰዋስው ግን ብዙ ተለውጧል። ለቱሪስቶችህ ይጠቅምሃል። ለወንጌሉ ግን የኮይኔ ሰዋስው መማር አለብህ።

ዋድላ_ደላንታ · ነሐሴ 6

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እህቴ የሆጤዋ፣ ልጅ ሆነሽ ዳዊት ደግመሽ ታውቂያለሽ? ከሆነ እዚህ ማንም ያልጠቀሰው መሣሪያ በእጅሽ አለ። ግእዝ ነው።

እኔ ዋድላ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ጽርእን (እኛ ግሪክኛውን እንዲህ ነው የምንለው) የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የጥንት ተርጓሚዎቻችን የጽርእን ስሞች ሲጽፉ ድምፁን እንዳገኙ አልጻፉም። ሥርዓት ነበራቸው። ፊልጶስን እዪ። በጽርኡ መጀመሪያው ፊደል ፊ ነው፤ በኛም «ፊ» ሆነ። መሐሉ ላይ ያለው ፒ ነው፤ በኛ «ጶ» ሆነ። ጢሞቴዎስን እዪ። የጽርኡ ታው «ጢ» ሆነ፤ ቴታው ደግሞ «ቴ» ሆነ። ማርቆስና ሉቃስ በካፓ ነው የሚጻፉት፤ ስለዚህ «ቀ» አላቸው። ክርስቶስ በኺ ይጀምራል፤ ስለዚህ በ«ክ» ተጻፈ። አልፎ አልፎ ይዛነፋል፤ ክርስቶስ ውስጥ ያለው ታው ራሱ «ቶ» ነው የሆነው። ግን ብዙውን ጊዜ ይይዛል። የፊደል ስሕተት እያስቸገረሽ ከሆነ ይህን ያዢ። ጰራቅሊጦስ ብለሽ መጻፍ ከቻልሽ የጽርኡን ፊደላት አንድ በአንድ ታውቂያለሽ፦ ፒ፣ ካፓ፣ ታው። ጰ የምትባለዋን ፊደላችንን ለነዚህ ቃላት ስንል ነው የያዝናት።

ስለዚህ «አጋፔ» አትበይ። በጽርኡ ፒ ነው። በአባቶች ሥርዓት «አጋጴ» ነው የሚሆነው።

ቁጥራችንም ከዚያው ነው። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ፣ ፲ ከዮታ፣ ፻ ከሮ። ግሪኮቹ በፊደል ይቆጥሩ ስለነበር ነው። የምዕራፍ ቁጥር ስታዪ ያለፈው ዘመን ጽርእ እያየሽ ነው።

ዳዊቱ ደግሞ የባሰ ቅርብ ነው። «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» የሚለው በኛ መዝሙር 22 ነው። በዕብራይስጡ ቁጥር የሚሄዱት 23 ይሉታል። የኛ ብሉይ ኪዳን የመጣው ከሰብዓ ሊቃናቱ የጽርእ ትርጉም ስለሆነ ቁጥሩም የእነሱ ነው። 151ኛውም መዝሙር ከዚያው መጣ። ዳዊትሽን በግእዝ ካወቅሽው፣ የሰብዓ ሊቃናትን ዳዊት በጽርእ ስትከፍቺ ቃሉ ገና ሳይፈታ አሳቡ ይመጣልሻል። ከዚህ የተሻለ የልምምድ መጽሐፍ አላውቅም።

አንድ መዝገበ ቃላትም ልጨምር። አውግስጦስ ዲልማን የሚባል ጀርመናዊ በ1865 እ.ኤ.አ. ትልቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት አውጥቷል። ፍቺው በላቲን ነው። ግን ከግእዙ ቃል አጠገብ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ያለውን የጽርእ ቃል ይጠቅሳል። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አውጥተውታል። ላቲኑን ባታውቂ እንኳ የጽርኡን ቃል ለይተሽ ማንበብ ትችያለሽ። ግእዙ ሲከብድሽ ደግሞ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ክፈቺ፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው የማጠና።

ስለ አገባብም አንድ ነገር። ቅኔ ቤት «እስመ»ን ስንት ቀን እንደምንፈታ የሄደ ያውቀዋል። ጽርኡ ላይ «ጋር» እና «ሆቲ» የሚባሉ ቃላት አሉ። እስመ የሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ትናንሾቹን ቃላት አትዝለያቸው። ክርክሩን የሚያስሩት እነሱ ናቸው።

ስለ ስም ርባታ መምህሩ ያስተምርሽ። እኔ አንዱን ብቻ ላሳይሽ፦ ሎጎስ፣ ሎጉ፣ ሎጎ፣ ሎጎን። ቃል፣ የቃል፣ ለቃል፣ ቃልን።

የባቲ_ልጅ · ነሐሴ 6

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግሪክኛም አልቀራሁም። ግን ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ሎጎስ፣ ሎጎን... ይህ ነህው ነው፣ የዐረብኛው ሰዋስው!

ልጅ ሆኜ አጅሩሚያ የሚባለውን የነህው መጽሐፍ ከሼኻችን ፊት ቀርቻለሁ። የመጀመሪያው ምሳሌያችን «ደረበ ዘይዱን ዐምረን» ነው። ዘይድ ዐምርን መታ። መቺው ዘይድ ስለሆነ መጨረሻው «ኡን» ሆነ፤ ረፍዕ እንለዋለን። ተመቺው ዐምር ስለሆነ መጨረሻው «አን» ሆነ፤ ነስብ ነው። ቦታቸውን ብትለዋውጪው እንኳ ማን ማንን እንደመታ አይጠፋም። ጅራቱ ይናገራል። እዚያም «ኦስ» እና «ኦን» ይህንኑ የሚሠሩ ይመስለኛል። ልክ ነኝ መምህር?

እህታችን፣ ርባታውን በዓይን ብቻ አታጥኚው። እኛ ስንቀራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነበር፤ ከሱብሂ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ ጊዜ። ጆሮ ሲለምድ አፍ አይሳሳትም። አብሽሪ፣ ይገባሻል።

የኮምቦልቻው_አስተማሪ · ነሐሴ 7

የባቲ ልጅ፣ ልክ ነህ። «ሆ ቴዎስ አጋጳ ቶን ቆስሞን» ብትል እግዚአብሔር ዓለሙን ይወዳል ነው። «ቶን ቆስሞን አጋጳ ሆ ቴዎስ» ብለህ ብትገለብጠውም ወዳጁ ያው እግዚአብሔር ነው። ግሪክኛው አምስት ሙያ (ጅራቱ የሚያሳየው የስም ሥራ) አለው፤ ከናንተ ሦስት ሁለት ይበልጣል። ጀር የምትሉትን የሦስተኛውን ሙያ ሥራ ብዙውን ጊዜ ያ «ሎጉ» ያለው ይሠራል።

ዋድላ ደላንታ ያልከውን የፊደል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ። የኔን አጻጻፍም እንዳረምኩ አይተሃል።

ሐይቅ_ዳር · ነሐሴ 7

ጥሩ፣ ቢዳግን ተውኩት። ግን ስለ ሁለተኛው መጽሐፍ አልስማማም። የጀማሪ ሰዋስው በሻንጣ ማስመጣት ለምን? የሜይቸን የጀማሪ ሰዋስው በ1923 የወጣ ነው (እኔም በፈረንጆች ነው የምቆጥረው)፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ አስጠርዛው ትጠቀም። መልመጃው ጥሩ ነው። እኔ የተማርኩት በሱ ነው። ትልቁን የሮበርትሰንን ሰዋስው፣ የ1914ቱን፣ እሱንም በነፃ ነው የማየው። የማይገኘውን ነው ማስመጣት። የዳንከር አጭሩ መዝገበ ቃላት በ2009 ወጥቷል። የቢዳግን እውቀት ይዞ መጠኑ በጣም ያነሰ ነው። ቃሉን በአንድ ቃል ብቻ አይመልስልሽም፤ ፍቺውን በዓረፍተ ነገር ይጽፋል።

የኮምቦልቻው_አስተማሪ · ነሐሴ 7

ይህ ከኔ ምክር ይሻላል። ሜይቸን ያረጀ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ለሚጥር ሰው ይበቃል። ተቀብያለሁ።

የሆጤዋ · ነሐሴ 8

ዳዊት ደግሜያለሁ! አያቴ ናቸው ያስደገሙኝ። ያኔ ይህ ሁሉ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ማታ መዝሙር 22ን በጽርኡ ከፈትኩ። ገና ሳልፈታው ቀጥሎ የሚመጣውን ዐውቀው ነበር። ዕንባዬ መጣ።

ያ የጴጥሮስ ጥያቄዬ ግን እንዳይረሳ።

የኮምቦልቻው_አስተማሪ · ነሐሴ 9

አልረሳሁትም። መልሱን እኔ ከምነግርሽ አንቺ ፈልጊው። መዝገበ ቃላትም አያስፈልግሽም። የስትሮንግ ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 25 አጋጳኦ ነው። ቁጥር 5368 ፊሌኦ ነው። አፑ ላይ ቁጥሩን ፈልጊና ቃሉ ያለበትን ቦታ ሁሉ አንብቢ። ትርጉሙን አትዪ፤ ዓረፍተ ነገሩን እዪ።

ከዮሐንስ ጀምሪ። 3፥35 ላይ አብ ልጁን ይወዳል፤ ቃሉ አጋጳኦ ነው። 5፥20 ላይ ያው አብ ያንኑ ልጁን ይወዳል፤ ቃሉ ፊሌኦ ነው። አብ በምዕራፍ 5 ፍቅሩን ቀነሰ? አይደለም። ጌታ ይወደው የነበረው ደቀ መዝሙር በ13፥23 በአጋጳኦ፣ በ20፥2 በፊሌኦ ነው የተጻፈው። ሰውዬው ያው ነው።

ቀጥለሽ ወደ ሰብዓ ሊቃናት ሂጂ። በሁለተኛ ሳሙኤል 13 አምኖን ትዕማርን ወደዳት ይላል። በኋላ ምን እንዳደረጋት ታውቂያለሽ። እዚያ ያለው ቃል አጋጳኦ ነው። ጳውሎስም ዴማስ ይህን ዓለም ወድዶ ጥሎኝ ሄደ ሲል፣ በሁለተኛ ጢሞቴዎስ 4፥10፣ ቃሉ አጋጳኦ ነው። ቃሉ ብቻውን ቅዱስ አይደለም። ማን ማንን እንደሚወድ ነው ቅዱስ የሚያደርገው።

በምዕራፍ 21 ልዩነት አለ የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አክብሬ አነባቸዋለሁ። እኔ ግን ዮሐንስ ቃል ማለዋወጥ የሚወድ ጸሐፊ ነው ብዬ ነው የማምነው። እዚያው ቦታ ላይ አንዴ «ግልገሎች» አንዴ «በጎች» ይላል፤ አንዴ «አሰማራ» አንዴ «ጠብቅ» ይላል። የታሪኩ ኃይል ጥያቄው ሦስት ጊዜ መጠየቁ ላይ ነው። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዷል።

ሌላም ልጨምር፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። «ኃይል የሚለው የግሪክ ቃል ዲናሚስ ነው፤ ስለዚህ የእግዚአብሔር ኃይል እንደ ዲናሚት ነው» ሲባል ትሰሚያለሽ። ዲናሚት የሚለውን ስም ኖቤል ያወጣው በ1867 ነው። ጳውሎስ በቃሉ የሚያፈርስ ፈንጂ አላሰበም። የኋለኛውን ቃል ወደ ኋላ ወስደን አንጫንበት።

ዋድላ_ደላንታ · ነሐሴ 10

መምህር፣ አንድ ነገር ከብዶኝ ነው። የጽርኡን አዲስ ኪዳን ስከፍት ማርቆስ 16 መጨረሻ ላይ፣ ከቁጥር 9 እስከ 20፣ ድርብ ቅንፍ አለ። ዮሐንስ 8 መጀመሪያ ላይ ያለችው የሴቲቱ ታሪክም እንዲሁ። እነዚህ በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበቡ ናቸው። ቅንፉን ሳየው ልቤ ደነገጠ። የሆጤዋም መጽሐፉ ሲደርሳት ታየዋለችና አስቀድመው ቢያስረዱን።

የኮምቦልቻው_አስተማሪ · ነሐሴ 10

ድንጋጤህ ይገባኛል። ቅንፉ «ይውጣ» ማለት አይደለም። «በጣም የጥንቶቹ ቅጂዎች ውስጥ ይህ ክፍል የለም» ማለት ነው። ማርቆስ 16ን በተመለከተ እነዚያ ቅጂዎች ሲናና ቫቲካን በሚባሉት ይታወቃሉ፤ ሁለቱም የ4ኛው መቶ ዘመን ናቸው። አዘጋጆቹ ክፍሉ በቤተ ክርስቲያን ያለውን ክብር ስላወቁ ነው ከጽሑፉ ሳያወጡ ያስቀመጡት። ለምን እንደዚያ እንደወሰኑ የብሩስ ሜትስገር ማብራሪያ ቦታ በቦታ ይገልጸዋል፤ ሁለተኛው እትም በ1994 ወጥቷል።

ግን አንተን የሚያስደስትህ ነገር ልንገርህ። የጥናት እትሙን ግርጌ ተመልከት። ምስክሮቹ በአጭር ስም ይደረደራሉ፦ ላቲኑ፣ ሶርያው፣ ቅብጡ። እዚያው መሐል «ኤት» የሚል ታገኛለህ። ያ ግእዙ ነው። አባቶችህ የተረጎሙት ወንጌል፣ ጽርኡ ጥንት ምን ይል እንደነበር ሲጣራ ከሚጠሩት ምስክሮች አንዱ ነው።

ዋድላ_ደላንታ · ነሐሴ 10

አየሁት። «ኤት»። ስንት ጊዜ ከፍቼው ሳላስተውለው አልፌያለሁ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ያስቀመጡት ወንጌል ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ መምህር።

የሆጤዋ · ነሐሴ 12

ለአጎቴ ደወልኩለት። የአንባቢ እትሙንና የዳንከርን አጭሩን መዝገበ ቃላት። ሜይቸንን ዛሬ ፒያሳ አስጠርዤ ወሰድኩ። የባቲ ልጅ፣ ርባታውን ጮክ ብዬ ነው የማጠናው። እናቴ ከማዕድ ቤት ሆና «ሎጎን» ማለት ጀምራለች።

የሆጤዋ · መስከረም 26

ደርሰውልኛል! አጎቴ ከግሸን ሲመለስ ይዟቸው መጣ። ሁለቱንም ታቅፌ ነው ያደርኩ።

የመጀመሪያ ዮሐንስን ጀመርኩ። 1፥5 ላይ ስደርስ «ሆ ቴዎስ ፎስ ኤስቲን» ይላል። ግርጌውንም ስልኩንም አላየሁም። እግዚአብሔር ብርሃን ነው። በራሴ ነው ያነበብኩት።

ቁጥር 1 ላይ ግን አንድ ቃል አቆመኝ። «እጆቻችን የዳሰሱት» የሚለው። ግርጌው ላይ ጵሴላፋኦ ይላል። እንደተባልኩት ቁጥሩን ፈለግኩ፤ 5584። በአዲስ ኪዳን አራት ቦታ ብቻ አለ። ሉቃስ 24፥39፤ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ «ዳስሳችሁ እዩ» ያለበት። ሐዋርያት 17፥27፤ ጳውሎስ በአቴና ሰዎች እግዚአብሔርን እየዳሰሱ እንዲፈልጉት ያለበት። ዕብራውያን 12፥18፤ የሚዳሰሰው ተራራ። እና ይህ። ለአንድ ሰዓት አራቱን ብቻ እየደጋገምኩ አነበብኩ። የአቴናው ላይ ያለው ሰው በጨለማ እንደሚደናበር ነው የመሰለኝ። ዳንከርን ሳይ እሱም እንደዚያ ይለያቸዋል። መዝገበ ቃላቱን ከማየቴ በፊት ደረስኩበት!

ከዚህ በኋላ የት ልሂድ?

ዋድላ_ደላንታ · መስከረም 26

ሰብዓ ሊቃናት። ዘፍጥረት 27፤ ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ልጁን የሚዳስስበት። ቁጥር 12ን እና ቁጥር 22ን እዪ።

የሆጤዋ · መስከረም 27

አገኘሁት። ያው ቃል ነው።

ዋድላ_ደላንታ · መስከረም 27

ቅዳሜ ለጉዳይ ደሴ እመጣለሁ። ዲልማንን ላፕቶፔ ላይ ይዤዋለሁ። መምህርም ከኮምቦልቻ ከወጡልን፣ የመጀመሪያ ዮሐንስን ምዕራፍ 2 ጰራቅሊጦስ ካለበት ቁጥር ጀምረን አብረን እናንብበው። ቁጥሩ 3875 ነው፤ አምስት ቦታ ብቻ ነው ያለው። አራቱ ዮሐንስ ወንጌል ውስጥ «አጽናኝ» ተብሎ ተተርጉሟል፣ ይኼኛው «ጠበቃ» ተብሏል። አምስቱንም አንብበሽ ጠብቂኝ።

የኮምቦልቻው_አስተማሪ · መስከረም 27

እመጣለሁ። ቢዳግን ይዤ።